የቆመ ሰዓት በማን እጅ ይነሣል?

ቢቸና ሲባል በላይ ዘለቀ፣ ሞጣ ሲባል ደግሞ የ1960 ዓ.ም. የገበሬዎች ዐመፅ ቀድሞ ትዝ ይለናል። ተገቢም ነው። አንደኛው በአምስቱ የጠላት ዘመን ዱር ቤቴ ብሎ የተዋጋ አርበኛ ነው፤ ሁለተኛው የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም ብሎ የተነሣ ሕዝብ ታሪክ ነው። ዳሩ ግን ስለ ሁለቱ አገሮች የተጻፈውን ስናገላብጥ ከጠመንጃና ከግብር ሌላ የምናገኘው እጅግ ጥቂት ነው። ጠመንጃው ሲበላሽ ማን ጠገነው? ማረሻውን ማን ቀጠቀጠው? ይህን የሚመልስልን መጽሐፍ ብዙ አይደለም። ታሪካችን የያዘ እጅን እንጂ የሠራ እጅን መቁጠር አልለመደም።

እኛ ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከዚሁ የተረሳ ወገን ነው። ነገሩ ትንሽ ነው፤ በክንድ ላይ የሚታሰር ያህል ትንሽ። በአውሮፓ በአሁኑ ጊዜ አንድ የሚያስገርም ሥራ ይታያል። ከሃምሳ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት የተተዉ ባለ ሞላ የሰዓት ማሽኖች እንደገና ተሠርተው በአዲስ የእጅ ሰዓት ውስጥ እየገቡ ነው። ታዲያ ይህ ቢቸናንና ሞጣን ምን አገባቸው? የሚል አይጠፋም። በበኩላችን በጣም ያገባቸዋል እንላለን። የቆመ ማሽን በገንዘብ ብቻ አይነሣም፤ የሚነሣው መሣሪያውን ባልጣለ ሰውና ሙያውን በያዘ እጅ ነው። እንዲህ ያለው እጅ ደግሞ በስዊስ ብቻ ሳይሆን በእኛም ገበያ ጥግ ተቀምጦ ኖሯል።

ሀ/ ከሰዓቱ በፊት የነበረው ሰዓት

ባለ ሞላው ሰዓት ወደ ምሥራቅ ጎጃም ሲገባ ጊዜ መቁጠር ወደማያውቅ አገር አልገባም። ከደጀን ተነሥቶ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅን፣ ሞጣን እያለ ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው መንገድ የሚያልፈው በሊቃውንት አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ በዚያ አለ፤ ደብረ ወርቅ ማርያም በዚያ አለች፤ መርጡለ ማርያምም ሩቅ አይደለችም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከያዛቸው ነገሮች አንዱ ባሕረ ሐሳብ ነው። የጾሙን መግቢያ፣ የበዓሉን ቀን፣ የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ በቃል ይዞ የሚያሰላ ሰው ሰዓት አያውቅም ሊባል አይችልም።

ቀኑን በጥላ ይለኩታል። ሰው ቀጥ ብሎ ይቆምና የገዛ ጥላውን በጫማው ይሰፍራል፤ የጫማው ቍጥር ከወር ወር ይለያያልና እሱንም ማወቅ ያስፈልጋል። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባበትን ሰዓት ለማወቅ ከዚህ የቀረበ መሣሪያ አልነበረም። ወጪ የለው፣ መለዋወጫ የለው! ጉድለቱ ደመና ብቻ ነው።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ባሕረ ሐሳብ ቀንና ሌሊቱን አንድ ላይ በ60 ኬክሮስ ይከፍለዋል። አንዱ ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ አንዱ ካልዒት 60 ሣልሲት ነው፤ ከዚያም በራብዒትና በኀምሲት አድርጎ እስከ ሳድሲት ይወርዳል። በዛሬው አነጋገር ስናስበው ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሰከንድ፣ ሣልሲት ደግሞ ከአንድ ሰከንድ ዐሥር እጅ አራቱ፣ ማለትም 0.4 ሰከንድ ይሆናል። ይህችን የመጨረሻዋን ቍጥር አንባቢ ይያዝልን።

ለ/ ማሽኑ እንዴት ይሠራል?

ሞላ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወሰደ ነው፤ ሰዓቱን እንሞላዋለን ስንል ግን በራሳችን ግሥ ነው። ሞላውን እንሞላዋለን፤ ነገሩ እንዲያው ገጥሞልናል።

መሙያው ሲዞር በአንድ ትንሽ ከበሮ ውስጥ የተጠቀለለው ሞላ ይጠብቃል። ሞላው ሊፈታ ሲታገል ጥርስ ያላቸውን ክቦች ይገፋል። ዝም ብለው ቢለቁት ባንድ አፍታ ተፈትቶ ያልቅ ነበር። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ዘበኛ ቆሞለታል። ዘበኛው ባለ ሁለት ክንድ ሹካ መሰል ብረት ሲሆን ጥርሱን አንድ በአንድ እንጂ በጅምላ አያሳልፍም። ዘበኛውን የሚያዘው ደግሞ ፀጉር በምታህል ስስ ሞላ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ክብ ነው። ጆሯችን ላይ አድርገን ቀጭ ቀጭ ሲል የምንሰማው ይህንን መዝጋትና መክፈት ነው። ብረቱ እየተፋተገ እንዳያልቅ በየመዞሪያው ሰው ሠራሽ ሩቢ ይገባበታል፤ በሰዓቱ ፊት ላይ 17 ወይም 21 ተብሎ የሚጻፈው የነዚሁ ድንጋዮች ቍጥር ነው።

በድሮዎቹ የእጅ ሰዓቶች ዘንድ የተለመደው ፍጥነት በሰዓት 18,000 ምት ነበር፤ ይህም በሰከንድ 5 ምት መሆኑ ነው። ክቡ ሄዶ ሲመለስ ሁለት ምት ስለሚመታ አንዱ ሙሉ ውዝዋዜ 0.4 ሰከንድ ይፈጃል። 0.4 ሰከንድ እኮ አንድ ሣልሲት ነው! እንግዲህ ያ የድሮ ማሽን ሳይዛነፍ ከሄደ በአንድ ቀንና ሌሊት 216,000 ጊዜ ይወዛወዛል፤ ይህም የባሕረ ሐሳቡ የቀንና የሌሊት ሣልሲት ልክ ነው። ሊቃውንቱ የስዊስን ሰዓት አስቀድመው አይተውታል ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለው ወሬ ለሊቃውንቱም ክብር አይሆንም። ሁለቱም በስድሳ የሚቆጥረው የጥንቱ የባቢሎን ሒሳብ ልጆች ስለሆኑ በመንገድ ላይ ተገናኙ እንጂ። ያም ሆኖ የዲማ ተማሪ በቃሉ የያዘውን ቍጥር የሚመታ ማሽን በክንዱ ሊያስር ይችል ነበር ማለት ትንሽ ነገር አይደለም።

ሐ/ ሰዓቱ ከእኛ ዘንድ

በአውራጃ ከተማ የእጅ ሰዓት የደመወዝተኛ ምልክት ነበር። መምህሩ፣ ሾፌሩ፣ የመንግሥት ቤት ጸሐፊው ያስሩታል፤ ሌላው መንገድ ላይ እያስቆመ ‹‹ስንት ሰዓት ሆነ?›› ይላቸዋል። ነገር ግን የውጭው ማሽን የእኛን አቆጣጠር እንዲያገለግል መገራት ነበረበት። ለሰዓቱ ችግር የለም፤ ፀሐይ ስትወጣ 12 ላይ ማድረግ ነው። ችግር የሚመጣው ቀን በሚያሳየው መስኮት ነው። መስኮቱ እስከ 31 ይቆጥራል፤ የእኛ ወር 30 ነው። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ 31ን በእጅ ማሳለፍ ግድ ነው፤ ጳጉሜን ሲመጣማ 5 ወይም 6 ብሎ እንደገና ወደ 1 መመለስ ነው። በዚያም ላይ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከተስተካከለ ቀኑ በእኩለ ሌሊት መለወጡ ይቀርና ጠዋት ወይም ማታ 12 ላይ ይለወጣል። ማታ ላይ ከሆነ፣ ዕለትን ከዋዜማው ምሽት ለሚጀምረው ለቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ይስማማል ማለት ነው።

ከፍ ባለው ወገንም ታሪኩ ያው ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ስዊስን በጎበኙ ጊዜ የተበረከተላቸው ነው የተባለ አንድ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቭ ላይ በጨረታ ከ2 ሚሊዮን 8 መቶ ሺህ በላይ የስዊስ ፍራንክ ተሸጧል። በእጅ የሚሞላ ነው፤ የወሩን ርዝመትና የአራተኛውን ዓመት የካቲት እንኳ ሳይነግሩት ያውቃል። የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ወር ነው። ንጉሠ ነገሥቱም፣ የሞጣው መምህርም በክንዳቸው ያሰሩት ጳጉሜን የማያውቅ ማሽን ነበር። ልዩነቱ የንጉሡ ሰዓት ዛሬም ጠጋኝና ገዢ ማግኘቱ ነው። የመምህሩስ?

የመምህሩ ሰዓት ሲቆም የሚሄደው ወደ ሰዓት ሠሪው ነበር። በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ ሰዓት ሠሪ የሚታወቀው በጠባብ ቦታ ላይ በተቀመጠች ባለ መስታወት ሣጥኑ ነው። በአንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ነክሶ፣ በእጁ ወረንጦና ከመርፌ ያልተሻለች ካቻቢቴ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ ይሠራል። ማሽኑን ይፈታል፣ በቤንዚን ያጥባል፣ በመርፌ ጫፍ ዘይት ያስነካል፣ መልሶ ይገጥማል። በሣጥኑ ውስጥ የሞቱ ሰዓቶች ተከማችተዋል፤ ባለቤት የላቸውም፣ ግን አይጣሉም። ከአንዱ ጥርስ፣ ከሌላው ሞላ፣ ከሦስተኛው መስታወት ያወጣና ለአራተኛው ነፍስ ይዘራበታል። መለዋወጫ ከፋብሪካ በማይመጣበት አገር ፋብሪካው ያ ሣጥን ነበር። አውሮፓ ዛሬ ትንሣኤ የምትለውን ነገር የእኛ ሰው ያለ ስም በየቀኑ ይሠራው ነበር ብንል አላጋነንንም።

መ/ ባትሪው መጣ

ታኅሣሥ 16 ቀን 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1969) የጃፓኑ ሴይኮ አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ በጊዜው መኪና ይገዛል ይባልለት ነበር። ሞላ የለውም፤ ባትሪ የሚያንቀጠቅጠው የኳርትዝ ድንጋይ ነው ጊዜውን የሚለካው። ዛሬ በተለመደው የባትሪ ሰዓት ውስጥ ያለው ድንጋይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ አምስት ጊዜ የሚመታው የድሮ ማሽን ከዚህ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ባለ ሞላው በቀን የሚሳሳተውን ባለ ባትሪው በወር አይሳሳተውም።

ዋጋው ሲወርድ ጎርፉ ስዊስን መታ። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ 90 ሺህ ያህል የነበረው የሰዓት ሠራተኛ በ1980ዎቹ ወደ 30 ሺህ ገደማ ወረደ። ስዊሶች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1983 ስዎች የሚባለውን የላስቲክ ሰዓት አወጡ፤ ርካሽ፣ ቆንጆ፣ 51 ክፍል ብቻ ያለው፤ ተፈትቶ እንዲጠገን ግን ያልታሰበ። ነገሩን ልብ እንበል። ሰዓቱ የተሠራው ሰዓት ሠሪ እንዳይነካው ሆኖ ነው። ሲቆም ይጣላል፤ ሌላ ይገዛል።

ይህ ጎርፍ ዘግይቶም ቢሆን ወደ እኛ ደረሰ። ርካሹ ባለ ባትሪ ሰዓት ገበያውን ሞላው። ከዚያ በ1991 ዓ.ም. በአገራችን የሞባይል ስልክ አገልግሎት ተጀመረ፤ እያደርም ወደ ገጠሩ ዘለቀ። ስልኩ ሰዓቱን በነጻ ይናገራል። የሰዓት ሠሪው ሥራ ባትሪ መለወጥና ማሰሪያ መቀጠል ሆኖ ቀረ፤ ማጉያውም ከዓይኑ ወርዶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ።

ሠ/ የተደበቀው መሣሪያ

አሁን ወደ ትንሣኤው እንምጣ። ዜኒት የተባለው የስዊስ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1969 ኤል ፕሪሜሮ የሚባል ማሽን አውጥቶ ነበር፤ በሰዓት 36,000 ጊዜ የሚመታ፣ ከሰከንድ ዐሥር እጅ አንዱን የሚለካ። ብዙ ሳይቆይ ፋብሪካው በአሜሪካዊ የሬዲዮ ኩባንያ እጅ ገባ። በ1975 አለቆቹ ባለ ሞላ ማሽን መሥራት ይቁም፣ መሣሪያውም ይወገድ ብለው ወሰኑ። ሻርል ቬርሞ የተባለ ሠራተኛ ተቃወመ፤ ሰሚ አላገኘም። ታዲያ ምን አደረገ? 150 ያህል የመቁረጫና የማተሚያ መሣሪያዎችን ከነሥዕላዊ መግለጫቸው በድብቅ ወደ ፋብሪካው ጣሪያ ሥር አወጣ። ምኑ የት እንዳለና እንዴት እንደሚሠራበት እየጻፈ ደበቀው። በ1980ዎቹ ባለ ሞላ ሰዓት ፈላጊ ሲያገኝ ያ ድብቅ ዕቃ ወጣ፤ ማሽኑም ተነሣ። ከ1988 እስከ 2000 የሮሌክስ ዴይቶና ሰዓት የሄደው በዚሁ ማሽን፣ ፍጥነቱ ቀንሶ፣ ነበር።

ሌላም እንጨምር። ኦሜጋ 321 የሚባለውን ማሽን በ1960ዎቹ መጨረሻ ከሥራ አውጥቶት ነበር። መልሶ ለመሥራት ሁለት ዓመት ተመራመረ፤ ዩጂን ሰርናን በ1972 በአፖሎ 17 ጨረቃ ላይ ያደረገውን ሰዓት ሳይፈታ በጨረር ፈትሾ ልኩን ወሰደና በ2019 ማሽኑ መመለሱን አስታወቀ። እያንዳንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚገጥመው አንድ ሰዓት ሠሪ ነው። ዜኒትም ከ1949 እስከ 1962 ሠርቶት ከነበረው፣ ከ1950 እስከ 1954 በተከታታይ የኑሻቴል ታዛቢ ጣቢያን የትክክለኛነት ውድድር ካሸነፈው 135 ከተባለ ማሽን ዐሥሩን በ2022 አሳድሶ ለገበያ አቀረበ። ሁለቱም፣ 321ም 135ም፣ የሚመቱት በሰዓት 18,000 ነው። ሣልሲትን ይመታሉ ማለት ነው።

ቻይናም ምሳሌ ናት። የአየር ኃይሏን ሰዓት ለመሥራት ስታስብ ቬኑስ 175 የተባለውን የስዊስ ማሽን መሥሪያ ዕቃ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገዛች። የማሽኑ ዝርያ በተወለደበት አገር ሲቋረጥ በቲያንጂን ኖረ፤ ዛሬም እየተሠራ በዓለም ገበያ ይሸጣል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ማሽን የሚኖረው ስሙ ባለበት አገር ሳይሆን መሣሪያውና እጁ ባለበት አገር ነው። ስዊስና ፈረንሳይ ይህን ተረድተው የባለ ሞላ ሰዓት ሙያን በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ አስመዘገቡት፤ እኛ መስቀልንና ጥምቀትን ባስመዘገብንበት መዝገብ ላይ።

ረ/ ብረቱ ቀርቶ እጁ ሲሄድ

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ሩቅ አንሄድም። ከሞጣ ዓባይን ተሻግረን ወደ ደብረ ታቦር ብንወጣ ጋፋትን እናገኛለን። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችንና የአገሩን ሠራተኞች ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ ነው። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው፤ ወደ መቅደላ የተጎተተውም ከዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲወድቁ አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ሙያውም ተከታይ አላገኘም። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ብረቱ ቀረ፣ እጁ ሄደ። ጣሪያ ሥር የሚደብቅ ቬርሞ በጋፋት አልነበረም።

ለምን አልነበረም? አንዱ ምክንያት ለባለ እጅ የሰጠነው ቦታ ነው። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በል፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያልን የኖርን ኅብረተሰብ ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው? ሙያውን ከናቅነው ልጁ አይወርሰውም፤ የተማረው አይጽፈውም። ሰዓት ሠሪው እንደ ቀጥቃጩ አልተሰደበም ይሆናል። ማንም ግን ባለ ታሪክ ነው ብሎ አልጠየቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ሊነሣብን ይችላል። ‹‹ስልኩ ሰዓቱን በትክክል እየነገረን አሮጌ ሞላ ምን ያደርግልናል? ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው›› የሚል። ግማሹ እውነት ነው። ያ የታደሰው 135 የተሸጠው እያንዳንዱ ከ130 ሺህ በላይ በሆነ የስዊስ ፍራንክ ነው፤ በዚህ ዋጋ ሞጣ ላይ ስንት ነገር ይሠራል! የእኛ ጥያቄ ግን ሰዓቱ ስለሚናገረው ጊዜ አይደለም፤ ሰዓቱን ስለሚያስነሣው እውቀት ነው። አውሮፓ ይህንን እውቀት ወደ ጌጥ ለወጠችው። ለእኛ ግን ጌጥ ሆኖ አያውቅም፤ ያለውን የመጠገን፣ ከሞተው ላይ ወስዶ ሕያውን የማቆየት የድኃ አገር ጥበብ ነው። የውኃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የክሊኒክ ማጉያ መሣሪያ ሁሉ ይህን ትዕግሥትና ይህን ዓይን ይፈልጋሉ። ስንቱ ነው በአንዲት ጥርስ መሰበር ምክንያት ቆሞ የሚበሰብሰው?

ጓደኞቻችን፣ በተለይ የቢቸናና የሞጣ ልጆች የሆናችሁ፣ ለዕረፍት ስትመለሱ አንድ ደብተር ያዙ። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ የኖረ ሽማግሌ በከተማችሁ ካለ ቀረብ ብላችሁ ጠይቁት። ሙያውን ከማን ተማረ? ለማን አስተማረ? በዘመኑ ምን ዓይነት ሰዓት ይመጣለት ነበር? መለዋወጫ ሲጠፋ ጥርሱን በምን ቀረጸው? የማሽኑን እያንዳንዷን ክፍል በአማርኛ ማን ብሎ ይጠራታል? እኛ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ዘበኛ፣ ሹካ፣ ክብ እያልን የሄድነው የሚያገለግለንን ቃል የሰበሰበ መጽሐፍ በእጃችን ስለሌለ ነው። ቃሉ ግን በእርሱ አፍ ሊኖር ይችላል። ‹‹ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው›› ይባላል፤ ሠሪው ካለፈ በኋላ ግን ሥራውን ማን ይነግረናል?

ቬርሞ መሣሪያውን ሲደብቅ ምኑ የት እንዳለ መጻፉን አንርሳ። ጽሑፉ ባይኖር ኖሮ ጣሪያ ሥር የተገኘው የብረት ክምር ብቻ ይሆን ነበር። የእኛ ሰዎች ብረቱን በመስታወት ሣጥናቸው ውስጥ ጠብቀውልናል። የመጻፉ ተራ የእኛ ነው።